የኋላ አሞርዛተር ስንት ንፋስ ይፈልጋል?

(ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ ለተሰበሰቡ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ብርድ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ አንዳንዶቻችሁም ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ፣ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በብስክሌታችሁ የኋላ አሞርዛተር፣ ማለትም የመንገዱን ምት በሚውጠው ዕቃ፣ ውስጥ ስላለው አየር፣ በተለመደው አጠራራችን ስለ ንፋሱ። በሥራ ቦታዬ አዘውትሬ የምጠየቀው ጥያቄ «ጋሼ፣ ስንት ልሙላበት?» የሚለው ሲሆን፣ ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ «እስቲ ውጣበትና እንየው» ብዬ ስመልስለት ያሾፍኩበት ይመስለዋል። ማሾፌ አይደለም። በፓምፑ ጌጅ፣ ማለትም በግፊት መለኪያው፣ ላይ የሚነበበው ቁጥር መነሻ ብቻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ መድረሻው እናንተ ከነትጥቃችሁ ስትቆሙበት አሞርዛተሩ በስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዳለ ነው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ዙሪያ ይዞራል።

አስቀድሜ ብስክሌት በዚህ ረገድ ከመኪና እንዴት እንደሚለይ ልናገር። ሚኒባስ ታክሲ ባዶውን ሲሄድና አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ሲሄድ ከኋላ የሚቀመጥበት ከፍታ እንደሚለያይ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ሆኖም መኪናው ራሱ ከባድ ስለሆነ ፋብሪካው ለመኪናው ክብደት የሚመጥን ሞላ ወይም ባሌስትራ አስገብቶ ሊልከው ይችላል። ብስክሌት ግን 14 ወይም 15 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ የሚወጣበት ሰው ግን ከ50 ኪሎ እስከ 100 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ የተሸካሚውን ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ፋብሪካው ማን እንደሚገዛው ስለማያውቅ ትክክለኛውን ጥንካሬ አስቀድሞ ሊወስን አይችልም፤ ስለዚህ በብረት ሞላ ፈንታ አየር የሚሞላበት ክፍል ሠርቶ ውሳኔውን ለእናንተ ተወው። ከአዲስ ብስክሌት ጋር የሚመጣው ንፋስም ለማንም ተብሎ የተለካ አይደለም።

እግረ መንገዴን ላንሳና፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ አገራችንን ወክለው የተወዳደሩት እነ ገረመው ደንቦባ ያሽከረከሩት ብስክሌት ከጎማው በስተቀር የታመቀ አየር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አሞርዛተር በተራራ ብስክሌት ላይ የተለመደ ዕቃ መሆን የጀመረው አሜሪካዊው ፖል ተርነር እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው፤ የመጀመሪያው የፊት ሹካቸውም በአየር የሚሠራ ነበር። የተራራ ብስክሌት ውድድር ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ከእኔ የሥራ ዘመን እምብዛም የማይበልጥ ወጣት ዕውቀት ነው። ብዙ መካኒኮች ከመኪና ጋራዥ ያመጣነውን ልማድ ይዘን ስለገባንበት ስሕተታችንም በዚያው ልክ ብዙ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙዎቻችሁ «ጎማዬን በ25 ፒኤስአይ ስነዳ አሞርዛተሩ ለምን 150 እና 160 ይፈልጋል?» ትላላችሁ፤ ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚህ የቆመው ብስክሌት የኋላ ጎማ 140 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲጓዝ፣ የአሞርዛተሩ ዘንግ የሚገባው 55 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው ሁለት ተኩል እጥፍ ተጉዞ አሞርዛተሩ አንድ እጥፍ ከተጓዘ፣ ኃይሉ በአንጻሩ አሞርዛተሩ ላይ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ያርፋል፤ አጭሩን ጫፍ ይዞ ረጅም ዘንግ እንደሚያነሣ ሰው ማለት ነው። 75 ኪሎ ከሚሆነው ነጂና ትጥቅ ውስጥ 45 ኪሎው በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ አሞርዛተሩ የሚሸከመው በግምት 115 ኪሎ ይሆናል። ይህን ጭነት ከሻይ ብርጭቆ ባነሰ ቦታ ውስጥ ያለ አየር እንዲሸከመው ከተፈለገ በጣም መታመቅ አለበት። ከዚህም የሚከተል ነገር አለ፤ የሁለት ብስክሌቶች የጎማና የአሞርዛተር ጉዞ ምጥጥን ካልተመሳሰለ፣ እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች እንኳ የተለያየ ንፋስ ይፈልጋሉ። የጓደኛችሁን ቁጥር መዋስ የጓደኛችሁን መነጽር እንደመዋስ ነው፤ አንዳንዴ ይገጥማል፣ ብዙ ጊዜ ግን ዐይን ያማል።

ዝቅ ማለቱን የሙያው ሰዎች «ሳግ» ይሉታል። ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው፤ እኛ ሳግ የምንለው ለቅሶ ጉሮሮን ሲተናነቅ ነውና። መጀመሪያ ቃሉን ስሰማ «ብስክሌቱ ምን ሆኖ ያለቅሳል?» ብዬ ነበር። በጋራዥ ቋንቋችን መኪናው ከኋላ «ቁጭ ብሏል» እንደምንለው፣ ሳግ ማለት ነጂው ሲወጣበት አሞርዛተሩ ቁጭ የሚልበት መጠን ነው፤ የሚለካውም ከዘንጉ ሙሉ ጉዞ በመቶኛ ነው። ለአብዛኛው የተራራ መንገድ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይመከራል፤ በ55 ሚሊ ሜትር ጉዞ ላይ ሲሰላ ከ14 ሚሊ ሜትር እስከ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ይህ ዝቅታ ለምቾት ብቻ አይደለም። ጎማው ድንጋይ ሲወጣ አሞርዛተሩ ይገባል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ወደ ታች የሚከተልበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያን ቦታ የሚሰጠው ሳጉ ነው። ሳግ የሌለው አሞርዛተር ጉድጓድ ላይ ጎማውን አየር ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ፍሬን የሚይዘውም መሪ የሚታዘዘውም ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ ነው።

ስለ ፓምፑ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እኔ ራሴ የተቀጣሁት በእርሱ ነውና። የአሞርዛተሩ ቫልቮላ ከመኪና ጎማ ቫልቮላ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያየ ሰው ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስሞላት ይዳዳዋል። ከዓመታት በፊት ልዩው ፓምፕ ሳይኖረኝ በመንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ዘንድ አቁሜ «ይቺን ሙላልኝ» አልኩት። ልጁ ትሑት ነበር፤ የኮምፕሬሰሩን አፍ ቫልቮላው ላይ ደገነና ሞላ፣ አፉን ሲያነሣው ግን በዚያች ቅጽበት ከገባው ግማሹ ወጣ። ለመኪና ጎማ እንዲህ ያለው ብክነት ምንም አይደለም፤ ጎማው ሰፊ ነው። ለአሞርዛተር ግን አንዲት ትንፋሽ በአሥሮች የሚቆጠር ፒኤስአይ ናት። በላዩም የተለመደ ኮምፕሬሰር የሚሰጠው ከ8 እስከ 10 ባር፣ ማለትም ከ116 እስከ 145 ፒኤስአይ ስለሆነ ከነጭራሹም ለእኔ አይበቃም ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። በዚያን ቀን በእጄ ጫን አድርጌ «ጠንክሯል» ብዬ ከእንጦጦ ቁልቁል ለቀቅሁት፤ አንድ ውኃ የሸረሸረው ደረጃ ላይ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ «ጓ» ብሎ መታ፣ የቀረውን ጎማውና ቸርኬው ተቀበሉት። ቸርኬው እንደ ጎበጠ ሳህን ሆኖ ነው ቤቴ የገባሁት። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የማያውቀውን ዕቃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

የአሞርዛተር ፓምፕ የሚባለው ቀጭን፣ እጅ የሚያህል፣ በአንድ ግፊት ጥቂት አየር ብቻ የሚያስገባና ጌጁ እስከ 300 እና ከዚያ በላይ የሚያነብ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ብሎን በቫልቮላው ላይ በእጅ ይጠበቃል፤ መርፌው ሲነሣ ካያችሁ ጥቂት ብቻ ጨምራችሁ አቁሙ፣ በፒንሳ አታጥብቁት፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ትጨፈለቃለች። የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ብዙ ጊዜ በአሞርዛተሩ አካል ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ከ300 እስከ 350 ፒኤስአይ ነውና ከእርሱ አትለፉ።

ከእናንተ መካከል ቢያንስ ግማሾቻችሁ የምትጠራጠሩበትን ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። ፓምፑን ስትፈቱት «ፍስስ» ይላል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው «የሞላሁት ወጣ» ብሎ ይደነግጣል፤ ዳግመኛ ፓምፑን ሰክቶ ሲያይም ጌጁ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ ስለሚያገኘው ጥርጣሬው ይጸናል። ከዚያ ይጨምራል፣ ይፈታል፣ ይሰማል፣ ይጨምራል፤ እንዲህ ሲል አሞርዛተሩን ድንጋይ ያደርገዋል። እውነቱ ይህ ነው። ብሎኑን ስትፈቱ መጀመሪያ የሚዘጋው የቫልቮላው እምብርት ነው፤ «ፍስስ» የሚለው በቱቦውና በጌጁ ውስጥ የቀረው አየር እንጂ የአሞርዛተሩ አይደለም። ዳግመኛ ስትሰኩት ግን ባዶው ቱቦ የሚሞላው ከአሞርዛተሩ በሚወስደው አየር ነው፤ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ በዚህ ብቻ መርፌው አሥርና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «ንፋሱ ቀንሶ እንደሆነ ልፈትሽ» ብሎ ፓምፕ መሰካት ራሱ ንፋስ መቀነስ ነው። የምታምኑት ቁጥር ፓምፑ ተሰክቶ ሳለ፣ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ያነበባችሁት ነው፤ እርሱን በወረቀት ጻፉት።

አሁን አጠገቤ የቆመው ወጣት ወንድማችን ብስክሌቱን ለመፈተኛ ሰጥቶናል። ከነሄልሜቱ፣ ከነጀርባ ቦርሳውና ከነውኃው 73 ኪሎ መዝኗል፤ ትጥቁን አውልቆ መመዘን ራስን ማታለል ነው፤ ማንም ራቁቱን እንጦጦ አይወጣምና። መነሻ እንዲሆነን ክብደቱን ወደ ፓውንድ እንለውጠውና ያንኑ ቁጥር በፒኤስአይ እንሞላለን፤ 73 ኪሎ 160 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ በ160 እንጀምራለን። በዘንጉ ላይ የምታዩት ጥቁር የጎማ ቀለበት ለመለኪያ የተቀመጠ ነው፤ የሌላችሁ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩበት። ሰማያዊውን ማንሻ ወደ ክፍት አዞርኩት፤ በአስፋልት ሽቅብ ስትወጡ የምትዘጉት እርሱ ነው፣ ተዘግቶ ከተለካ ልኬቱ ሐሰት ይሆናል። ወንድማችን በግድግዳው ተደግፎ ይወጣል፤ ፔዳሎቹ ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱንና ክርኑን አጠፍ አድርጎ፣ ቁልቁል ሲወርድ እንደሚቆመው ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይረግጥና ጸጥ ይላል። እኔ ቀለበቱን ዘንጉ በሚገባበት አፍ ላይ እስካለው የጎማ መዝጊያ ድረስ ገፍቼ አስጠጋዋለሁ። አሁን ሳይዘል፣ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ማስመሪያውን ስናስጠጋ ከመዝጊያው እስከ ቀለበቱ 19 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ55 ላይ ሲሰላ 34 ተኩል በመቶ ነው፤ በዝቷል።

አሥር ፒኤስአይ ጨመርኩና 170 አደረስኩት። ነገር ግን ወዲያው መለካት አይገባም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚዘልለው እርምጃ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንዱ ክብደታችሁን የሚሸከመው ዋናው ሲሆን፣ ሁለተኛው በተቃራኒው አቅጣጫ ገፍቶ የመጀመሪያውን ጥቂት ጉዞ የሚያለሰልስ ነው። እናንተ የምትሞሉት ዋናውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የሚሞላው ዘንጉ ገባ ሲል በምትከፈት ትንሽ ማለፊያ በኩል ነው። ስለዚህ ከሞላችሁ በኋላ በእጃችሁ ኮርቻውን ተጭናችሁ፣ የጉዞውን ሩብ ያህል እያስገባችሁ፣ በቀስታ አምስት ወይም አሥር ጊዜ ግፉት። መርፌው ሲወርድ ታያላችሁ፤ አልፈሰሰም፣ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተካፈለ እንጂ። የጎደለውን መልሳችሁ 170 አድርሱት። ከባዶ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ በየ50 ፒኤስአዩ እያቆማችሁ አካፍሉት። ንፋስ ስትቀንሱም በተመሳሳይ መንገድ ቀስ በቀስ ነው፤ ዋናውን ክፍል በአንድ ጊዜ ባዶ ካደረጋችሁት የሁለተኛው ክፍል ግፊት ያሸንፍና ዘንጉን ወደ ውስጥ ጎትቶ ያስቀረዋል።

በ170 የወንድማችን ልኬት 17 ሚሊ ሜትር፣ 31 በመቶ ሆነ። አምስት ጨምረን፣ አካፍለን፣ እንደገና ስንለካ 16 ሚሊ ሜትር፣ 29 በመቶ ሰጠን። በቃን። የዚህ ሰው ቁጥር በዚህ ብስክሌት ላይ 175 ነው። በ160 ጀምረን 175 ላይ ማረፋችን መነሻው ስሕተት እንደነበረ አያሳይም፤ ሳንለካ 160 ላይ ብንቆም ኖሮ ግን ስሕተት ይሆን ነበር። ሁልጊዜም ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዱ ልኬት ከሌላው በሁለት ሚሊ ሜትር ከተለያየ አወራረዳችሁ ላይ ዝላይ አለ ማለት ነው።

«ከፍታው አይቀይረውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከኋላ ተነሥቷል። ይቀይረዋል፤ ግን ከምታስቡት ያነሰ ነው። ጌጅ የሚያነበው በውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል የውጭው አየር 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን፣ 2,400 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ 11 ገደማ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የተሞላ አሞርዛተር ሳይነካ በአውሮፕላን ቢመጣልን፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ እዚህ በአራት ፒኤስአይ ያህል ጠንክሮ ይገኛል። ከከተማ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው ልዩነት ግን አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ በዚህ ምክንያት ፓምፕ ይዞ መውጣት አያስፈልግም።

የሚያስቸግረን ሙቀቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እዚህ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ እንነሣለን፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በ7 ዲግሪ 150 ፒኤስአይ የሞላችሁት አሞርዛተር 27 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 161 ይወጣል። በውስጡ ያለው ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲታሽ የሚያመነጨው ሙቀትም በላዩ ይጨመራል። ብዙ ሰው «ጠዋት ለስላሳ ነበር፣ ከሰዓት ደረቀብኝ» ብሎ አሞርዛተሩን ይከስሳል። ምክሬ ቀላል ነው፤ በምትነዱበት ሰዓት ሙቀት ለኩ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የጋለ ብስክሌት አትለኩ።

ከ25 እስከ 30 ካልን በኋላ የቱን እንምረጥ? ይህ እንደ መንገዳችሁ ነው፤ እኔም አድልዎ አለኝ። በእንጦጦ በኩል ያለው መንገድ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ሥር የሚያቋርጠው፣ የደረቀ ቅጠል የሚያንሸራትተው፣ ድንጋዩ የበዛ ነው፤ በዚህ ላይ ጎማው መሬቱን እንዲከተል ወደ 30 እጠጋለሁ። ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዳችሁ በጥርጊያ መንገድ ብዙ ፔዳል የምትመቱ ከሆነ 25 ይሻላል፤ ብስክሌቱ እያንዳንዱን እርግጫ እየሰገደ አይውጥባችሁም። ከ30 በላይ ያለው ግን ምቾት መስሎ የሚያታልል ነው፤ ብስክሌቱ ከኋላ ሲቀመጥ መካከሉ ወደ መሬት ይቀርባል፣ ሽቅብ ስትወጡ ፔዳላችሁ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ የፊት ጎማም ይቀልላል። ፔዳሌ ድንጋይ እየመታ አስቸገረኝ ብሎ አጭር ክራንክ፣ ማለትም ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ፣ ሊገዛ የመጣ ሰው አሥራ አምስት ፒኤስአይ ጨምሬለት ሳይገዛ ሄዷል። ሥራዬ ላይ ጉዳት ነው፤ ግን ደስ ብሎኛል። የፊት ሹካውን ሳግ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው ውስጥ አድርጉት፤ የዛሬው ርእሳችን ስላልሆነ አልገባበትም።

ሳጉ ተስተካክሎም አሞርዛተሩ እየደጋገመ መጨረሻውን የሚመታባችሁ ከሆነ ንፋስ አትጨምሩ። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስቀመጠው፣ አየር ቦታው በግማሽ ሲጠብበት ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ጨምሮ ቦታውን ማጥበብ መነሻውን ብዙም ሳይነካ መጨረሻውን ያደነድነዋል፤ ንፋስ መጨመር ግን መነሻውንም አብሮ ያበላሻል። በቀይዋ ቁልፍ የሚስተካከለው ሪባውንድ፣ ማለትም ዘንጉ ተመልሶ የሚወጣበት ፍጥነት፣ ንፋስ በጨመራችሁ ቁጥር ጥቂት መዝጋትን ይጠይቃል። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ተቀምጣችሁ ውረዱ፤ አንድ ጊዜ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ጸጥ ካለ ደኅና ነው፤ እንደ ባለ ሞላ ፍራሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ካነጠራችሁ ዝጉት።

ስለ አያያዝ ሁለት ነገር ብቻ። በክረምት የሱሉልታ መረሬ ጭቃ ዘንጉ ላይ ሲደርቅ እንደ አሸዋ ወረቀት መዝጊያውን ይበላዋል፤ ከነዳችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ላቫጆ ወስዳችሁ በኃይለኛ ውኃ አታስመቱት፤ ውኃው መዝጊያውን አልፎ ይገባል። የአየር ክፍሉ መዝጊያዎች የሚቀየሩበትን ጊዜ የአምራቹ መመሪያ ይነግራችኋል፤ በብዙ የሮክሾክስ መመሪያዎች ላይ የተጻፈው በየ50 የነዳችሁበት ሰዓት የአየር ክፍሉን ከፍቶ ማጽዳት ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ የሚነዳ ሰው ይህን ሰዓት በጥቂት ወራት ይሞላዋል።

ሌላው አደገኛ ስለሆነ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገረዋለሁ። ዋናው ክፍል ባዶ ሆኖ ዘንጉ ወደ ውስጥ ተስቦ የቀረ፣ በእጅ ስትጎትቱት የማይወጣ አሞርዛተር ካጋጠማችሁ፣ በውስጡ የታመቀ አየር ታግቶ አለና በፍጹም አትክፈቱት። ንፋስ ስትሞሉበት ከተላቀቀ መልካም ነው፤ ካልተላቀቀ የውስጥ መዝጊያው ተበላሽቷልና ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ጤናማ የሆነውንም ቢሆን ከፍታችሁ ስታጸዱ አስቀድማችሁ ንፋሱን ቀስ እያላችሁ፣ ዘንጉን እየገፋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አስወጡ። ፊታችሁንም ከፊቱ አዙሩ።

ቀስ እያለ የሚተነፍስ አሞርዛተር ያለው ሰው መኖሩን ከእጅ አወጣጣችሁ አየሁ። ወደ መዝጊያዎቹ ከመሄዳችሁ በፊት የሳሙና ውኃ በብሩሽ አድርጋችሁ ቫልቮላው ላይ ቀቡ፤ አረፋ ከነፋ የላላችው እምብርቷ ናት፣ ይህች ደግሞ በየጎሚስታው በትንሽ ገንዘብ የምትገኝ ናት። ጎሚስታን የምመክራችሁ ለዚህ ብቻ ነው።

ሁለት ፓምፕና ሦስት ማስመሪያ ይዤ መጥቻለሁ። ውኃ የያዛችሁ ቦርሳችሁን እንደተሸከማችሁ፣ ሄልሜታችሁን እንዳጠለቃችሁ፣ በዚያ በግንቡ በኩል ተራ ያዙ፤ ፀሐዩ ሳይከር ከቀላሎቹ ጀምረን እንለካ።